ዝም ያለ ስክሪን፦ መልሳቸውን የሚደብቁ ጌሞች አጨዋወት

ጌሙን ስትከፍቱት ስክሪኑ ላይ ያለው አንድ ክብና ሁለት መስመር ብቻ ነው። መመሪያ የለውም፣ ሰዓት አይቆጥርም፣ የሚያሳድድ ጠላት የለም። ብትነኩት አይነቃነቅም። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ሁለት ደቂቃ ይታገልና «ተበላሽቷል» ብሎ ስልኩን ኪሱ ይከታል። ጌሙ ግን ደህና ነው። የሚፈልገው ተራ በተራ መፈተሽን ነው፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው «ይሄማ የጌሙ ክፍል አይደለም» ተብሎ በታለፈ ነገር ውስጥ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሀዋሳ ውስጥ በተራ አንድሮይድ ስልክ ለሚጫወት ሰው የተጻፈ ነው። የባጃጁ ንዝረትና የሐይቅ ዳሩ ፀሐይ የሚነሡት ለጌጥ ሳይሆን በትክክል ሌቨል ስለሚያስቀሩ ነው።

በመጀመሪያ ዓይነቱን ለዩ

«የተደበቀ» የሚባለው ነገር ከጌም ጌም ይለያያል። አንዱ ዓይነት ሕጉን ይደብቃል፦ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ይታያል፣ ምን እንደሚሠራ ግን አልተነገረም። ጥሩ መግቢያ የሚሆነው ቤልጂየማዊው ባርት ቦንቴ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው «የሎው» ነው። 50 ሌቨል አለው፤ የሁሉም ግብ አንድ ነው፣ ስክሪኑን ቢጫ ማድረግ። እያንዳንዱ ሌቨል ግን የራሱ ሕግ ስላለው ከአሥረኛው የተማራችሁት ለአሥራ አንደኛው ላያገለግል ይችላል። በቀይ፣ በጥቁር፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ የተሠሩ ተከታዮችም አሉት።

ሁለተኛው ዓይነት የሚደብቀው መንኪያውን፣ ማለትም ጌሙ የሚታዘዝበትን መንገድ ነው። ለአይፎን የተሠራው «ብላክቦክስ» እንቆቅልሾቹ የሚፈቱት ጣት ስክሪኑን ሳይነካ ነው፤ የምትጫወቱበት መሣሪያ ስልኩ ራሱ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ ከላይ ቀላል ጨዋታ ያስቀምጥና ከሥሩ የምስጢር ፊደልና ኮድ ይቀብራል፤ «ፌዝ» (2012) እና «ቱኒክ» (2022) ከዚህ ወገን ናቸው።

ዓይነቱን ለመለየት ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ አምስት ሌቨሎች ይበቃሉ። ሁሉም በመንካት ከተፈቱ ሕግ ደባቂ ነው። ገና ሲጀመር የማይክ ወይም የካሜራ ፈቃድ ከጠየቀ መንኪያ ደባቂ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ፈቃዱን ስጡት። «አልፈቅድም» ያለ ሰው ሌቨል ሠላሳ ላይ ስልኩ ላይ ሲነፋ ቢውል ምንም አይመጣም። ስህተቱ የተሠራው ከብዙ ሌቨል በፊት ስለሆነ ማንም አያስታውሰውም። በሴቲንግ የአፑን ፈቃዶች ከፍቶ ማስተካከል ይቻላል።

ስልኩን አዘጋጁ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ሰዎች የሚጣበቁባቸው ብዙ ሌቨሎች የሚከለክሉት እንቆቅልሹ ከብዶ ሳይሆን ስልኩ ስለሚያግድ ነው።

የማታ ብርሃን ማጣሪያውን (ናይት ላይት) አጥፉ። ስክሪኑን ወደ ቢጫ ስለሚያዘነብል ሁለት የተለያዩ ቀለሞች አንድ ይመስላሉ። ብራይትነሱን ከአውቶማቲክ አውጥታችሁ ከፍ አድርጉት፤ አንዳንድ ሌቨል ጥቁር ላይ ጥቁር ሊባል ምንም የማይቀረው ምልክት ይጽፋል። ሐይቅ ዳር የምትጫወቱ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በሐይቁ በኩል ናት። ለሐይቁ ጀርባ ሰጥቶ መቀመጥ ብርሃኑን ቀጥታ ስክሪኑ ላይ ያመጣዋል፤ ዛፍ ሥር ገብታችሁ ጎናችሁን ስጡት።

ስክሪኑ በራሱ የሚዞርበትን ቅንብር (ኦቶ ሮቴት) ክፈቱ፣ ባትሪ ቆጣቢውን ዝጉ፣ ድምፁን አብሩ። በኤርፎን መጫወት ይመረጣል፤ ጁስ ቤት ውስጥ ከሙዚቃው ሥር የምትጠፋ አንዲት «ጢው» ሙሉ ፍንጭ ልትሆን ትችላለች። ስልካችሁ ከጠርዝ ጣት ሲንሸራተት ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ከታች ሦስት ቁልፍ ወዳለው አሠራር ቀይሩት፤ ያለዚያ ከጠርዝ መጎተት የሚፈልግ ሌቨል ላይ ጌሙ እየተዘጋ ያስቸግራችኋል።

ቀጥሎ የስልኩን አቅም መርምሩ። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚገልጸውን ገጽ ክፈቱና «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ንኩት፤ የዴቨሎፐር ምርጫዎች ይከፈታሉ። እዚያ ውስጥ «ፖይንተር ሎኬሽን» የሚለውን ስታበሩ ጣታችሁ ያረፈበት ቦታ ሁሉ በመስመር ይታያል። አሁን ሦስት ነገር ፈትሹ፦ አንድ ጣት አራቱም ማዕዘን ድረስ ይደርሳል? ወፍራም ግላስ የተለጠፈበት ስክሪን ጠርዙ ላይ ብዙ ጊዜ አይሰማም። ሦስት ጣት አንድ ላይ ሲያርፍ ሦስት ነጥብ ይታያል? ርካሽ ስልኮች ሁለት ላይ ሊያቆሙ ይችላሉ። ሳትነኩት በራሱ መስመር ይሥላል? እንግዲያው ስክሪኑ ተሰንጥቋል ወይም ረጥቧል፤ ከጌሙ ጋር ሳይሆን ከጥገና ሱቅ ጋር ነው ጉዳያችሁ። ስትጨርሱ ምርጫውን መልሳችሁ ዝጉት።

ኮምፓስ አፕ ክፈቱና ስልኩን አዙሩ። መርፌው ካልዞረ ስልካችሁ የመግነጢስ ሴንሰር የለውም፣ የአቅጣጫ ሌቨል አይፈታላችሁም ማለት ነው። ከዞረ ግን ከተንቀዠቀዠ ማግኔት ያለውን ከቨር አውልቁና ስልኩን በአየር ላይ ስምንት ቁጥር እየሣላችሁ ጥቂት ጊዜ አንቀሳቅሱት።

ኮብልስቶን ላይ በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ የማዘንበል ሌቨል አትጀምሩ። ሴንሰሩ የመንገዱንና የእጃችሁን ንቅናቄ መለየት አይችልም፤ ይባስ ብሎ በድንገት ይፈታና ለምን እንደተፈታ ሳታውቁ ታልፋላችሁ። እንዲህ የታለፈ ሕግ ኋላ ላይ ከሌላ ሕግ ጋር ተደባልቆ ሲመጣ ነው ዋጋ የሚያስከፍለው።

አዲስ ሌቨል ሲከፈት

1. እጃችሁን አንሡና 20 ሰከንድ ያህል ተመልከቱ። በራሱ የሚንቀሳቀስ፣ የሚደበዝዝ ወይም የሚቆጥር ነገር ካለ በመጀመሪያው ንክኪ ሊጠፋ ይችላል። ምንም አለማድረግ ራሱ መልስ የሚሆንበት ሌቨልም አለ።

2. ያለውን ሁሉ ቁጠሩና ጻፉ፦ ስንት ቅርጽ፣ ስንት ቀለም፣ ስንት ክፍተት። የሌቨሉን ቁጥርና ርዕስም ጨምሩ፤ ጌሙ ራቁቱን ሆኖ ሳለ የቀረ ጽሑፍ ካለ በከንቱ አልቀረም።

3. እያንዳንዱን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ንኩ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች። ባዶውን ቦታና ማዕዘኖቹንም ጭምር።

4. ከዚያ በኋላ ተጭናችሁ ቆዩ። ተራ አፕ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል፤ እንቆቅልሽ ጌም ግን አምስትና አሥር ሰከንድ ሊያስጠብቅ ይችላል። አሥር ቁጠሩ።

5. ጎትቱ፣ በሁለት ጣት ቆንጥጡ፣ ዘርጉ፣ አሽከርክሩ። ከስክሪኑ ውጭ ጀምራችሁ ወደ ውስጥ አስገቡ።

6. በየሙከራው መካከል ሌቨሉን ሪሴት አድርጉ። ሪሴት ሳይደረግ የተሞከረ ነገር ምስክር አይሆንም፤ ሦስተኛው ንክኪ ያመጣውን ለውጥ የመጀመሪያው ይሁን ሁለተኛው እንዳዘጋጀው ማወቅ አይቻልም።

ወረቀቱ ላይ ሁለት ዓምድ ይበቃል፦ «ያደረግሁት» እና «የሆነው»። «ምንም አልሆነም» የሚለውም ይጻፋል። ሳይጻፍ ሲቀር ሰው ያንኑ ሙከራ ደጋግሞ እየሠራ አዲስ ነገር የሞከረ ይመስለዋል።

እነዚህ ሁሉ ካልሠሩና ጌሙ መንኪያ ደባቂ ከሆነ ወደ ስልኩ አካል እለፉ። ስልኩን ወደ ጎን አዙሩ፣ ገልብጡ፣ ጠረጴዛ ላይ በአፉ ድፉት፣ ነቅንቁ። የድምፅ ቁልፎቹን እስከ ላይና እስከ ታች አድርሱ። ብራይትነሱን ከዜሮ እስከ ሙሉ አንቀሳቅሱ። ቻርጀር ሰኩ፣ ንቀሉ። ኤርፎን ሰኩ። ፍላይት ሞድ አብሩ። ማይኩ ላይ እፍ በሉ፣ ካሜራውን በጣት ሸፍኑ። ስክሪን ሹት አንሡ። ከጌሙ ውጡና ተመለሱ። የስክሪኑ ሥዕል ብዙውን ጊዜ ይመራል፦ የሚሞላና የሚጎድል ነገር ካለ ድምፅን፣ ብርሃንን ወይም ባትሪን አስቡ፤ እንደ ውሃ የሚዋልል ከሆነ ማዘንበልን፤ የሚሽከረከር ከሆነ አቅጣጫን። መብራት በጠፋበት ቀን የቻርጀር ሌቨል ላይ ከደረሳችሁ ፓወር ባንክም ያው ነው፤ ሌቨሉ የሚፈልገው ኤሌክትሪክ መግባቱን ነው።

ሰዓትና ቃል የሚያጠምዱን ቦታ

እነዚህ ጌሞች በአብዛኛው የሚሠሩት እኛን አስበው አይደለም፤ ስለዚህ ለሌላው ቀላል የሆነ ሌቨል እኛን ብቻ የሚጥልበት ጊዜ አለ። ስክሪኑ ላይ የተሣለ ሰዓት 3፡00 ካለ የሚፈልገው የስልኩን 3፡00 ነው፤ ያ ደግሞ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው። «እኩለ ሌሊት» ካለ 12፡00ን እንጂ ስድስትን አትፈልጉ። ቀንም እንዲሁ፦ 3/4 የሚል ነገር አሜሪካዊ ከጻፈው ማርች 4 ነው፣ እንግሊዛዊ ከጻፈው ኤፕሪል 3፤ ሁለቱንም ሞክሩ። የስልኩን ሰዓት መቀየር ግድ ከሆነ አውቶማቲኩን አጥፍታችሁ ቀይሩና ወዲያው መልሱት። የተዛባ ሰዓት ባለበት ስልክ ድረ ገጾችና የባንክ አፖች አልከፈት ሊሉ ይችላሉ፤ ሰው ደግሞ ጥፋቱን ከኔትወርኩ ላይ ይጥላል።

ቃል የሚያጫውቱትን ለመፍታት ግን ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ከባድ አይደለም። ቅኔ ሲፈታ መጀመሪያ የሚፈለገው ኅብረ ቃሉ ነው፣ ሁለቱንም ትርጉም የተሸከመው አንድ ቃል። እዚህም ርዕሱ ላይ ያለችውን ነጠላ የእንግሊዝኛ ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈልጉና ትርጉሞቿን በሙሉ ጻፉ። «ላይት» ብርሃንም ነው፣ ክብደቱ ቀላልም ነው። «ኪይ» የበር ቁልፍ፣ የኪቦርድ ቁልፍ፣ የሙዚቃ ቅኝት፣ የካርታ ማብራሪያም ነው። እያንዳንዱን ትርጉም ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር አጋጥሙ፤ ሰሙ ሥዕሉን ሲገልጽ ወርቁ ምን አድርጉ እንደሚል ይነግራችኋል።

ከቃል ቀጥሎ የሚመጡት የተለመዱ ኮዶች ናቸው። ሆሄያትን በቁጥር መተካት (ከ1 እስከ 26)፣ የሮማ ቁጥር፣ ስድስት ነጥብ ያለው ብሬይል፣ በመስታወት የተገለበጠ ጽሑፍ። የሞርስ ኮድ ከሆነ ርዝመቱን ለኩ፦ ረጅሙ የአጭሩ ሦስት እጥፍ ነው፣ በሆሄ መካከል ያለው ዝምታም ሦስት አጭር ያህል፣ በቃል መካከል ሰባት። ብልጭ ድርግም የሚለውን በዓይን ከመከተል በቪዲዮ ቀርጾ አዘግይቶ ማየት ይቀላል።

ማሰብ ወይስ ሁሉንም መሞከር?

ሁሉንም መሞከር ነውር የለበትም፤ ሒሳቡ ከተሠራ በኋላ ከሆነ። አንድ ሙከራ 5 ሰከንድ ይፈጃል እንበል። አራት ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ሌቨል 16 ሁኔታ አለው፦ 80 ሰከንድ። አራት ቁልፍ በቅደም ተከተል 24 ነው፦ ሁለት ደቂቃ። አምስት ቁልፍ 120፦ አሥር ደቂቃ። አራት አኃዝ ያለው ኮድ ግን 10,000 ስለሆነ ያለ ዕረፍት ወደ 14 ሰዓት ይወስዳል። ከአምስት ቁልፍ በላይ ሲሆን ቁጭ ብሎ ማሰብ ይሻላል። (የ«ፌዝ» የመጨረሻ ምስጢር ከሚባሉት አንዱ፣ የጥቁሩ ሐውልት እንቆቅልሽ፣ ተጫዋቾች ተባብረው ሙከራውን ተከፋፍለው ነው በጉልበት የሰበሩት። ለአንድ ሰው የማይሆነው ለብዙ ሰው ይሆናል።)

ማብሪያዎችን ሁሉ ለመሞከር የሚያምታታው መደጋገሙ ነው። አንዱን ብቻ እየቀያየሩ ሁሉንም ሁኔታ የሚያዳርስ ቅደም ተከተል አለ። ለሦስት ማብሪያ፦ 1፣ 2፣ 1፣ 3፣ 1፣ 2፣ 1። በሰባት ንክኪ ስምንቱም ሁኔታ ያልቃል፣ አንዱም አይደገምም። አራተኛ ካለ ይህን ጨርሱ፣ 4ን ንኩ፣ ከዚያ ያንኑ ከመጀመሪያው ድገሙት።

ይህ ቅደም ተከተል የሚጠቅምበት ሌላ ቦታም አለ፤ አንዱን ስትነኩ ጎረቤቶቹም አብረው የሚበሩበትና የሚጠፉበት ሌቨል ብዙ ጌም ውስጥ ይመጣል። ሁለት ነገር እወቁ፦ አንዱን ሁለቴ መንካት አለመንካት ነው፣ የትኛውን ቀድማችሁ መንካታችሁም ውጤቱን አይለውጥም። ስለዚህ ሁሉንም ለማጥፋት ከላይ ጀምሩ። አንደኛው ረድፍ ላይ የበራ ካለ ልክ ሥሩ ያለውን ንኩ፤ ረድፉ ይጠፋል። እንዲህ እያላችሁ እስከ ታች ውረዱ። የመጨረሻው ረድፍ ካልጠፋ ሪሴት አታድርጉ፤ ከላይኛው ረድፍ 1ን ነክታችሁ እንደገና አውርዱ፣ ከዚያ 2ን፣ ከዚያ 1ን፣ ከዚያ 3ን... በዚያው በላይኛው ቅደም ተከተል። ሦስት በሦስት ሰሌዳ ላይ ቢበዛ በስምንት ዙር ያልቃል። አምስት በአምስት ላይ ላይኛው ረድፍ 32 አማራጭ ስላለው ረዘም ይላል፤ ያውም በዘፈቀደ የበራ ሰሌዳ ሁሉ አይፈታም። ጌሙ ያቀረበው ግን እንዲፈታ ተደርጎ ነው።

ሣጥን የሚያስገፉ ሌቨሎች፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ጃፓን ውስጥ የተፈጠረው የ«ሶኮባን» ልጆች፣ ሌላ ዘዴ ይፈልጋሉ። ከመግፋታችሁ በፊት የሞቱትን ቦታዎች፣ ሣጥን ከገባባቸው ግቡ ላይ የማይደርስባቸውን፣ ምልክት አድርጉ፦ ግብ ያልሆነ ማዕዘን ሁሉ የሞተ ነው፣ ግብ የሌለበት ቀጥ ያለ ግድግዳ ሥር ያለው ቦታም ከማዕዘን እስከ ማዕዘን የሞተ ነው። ከዚያ ከመጨረሻው ወደ ኋላ አስቡ፤ ሣጥኖቹ ግባቸው ላይ እንዳሉ ቁጠሩና በመግፋት ፋንታ ጎትታችሁ አውጧቸው። የትኛው ሣጥን መጨረሻ መግባት እንዳለበት ወዲያው ይገለጣል።

የማይነበብ ፊደል ሲመጣ

ምልክቶቹን ቁጠሩ። ልዩ ልዩዎቹ 26 አካባቢ ከሆኑ የእንግሊዝኛ ሆሄ ተተክቶ ነው። በእንግሊዝኛ በብዛት የሚደጋገመው «ኢ» ነው፣ ቀጥሎ «ቲ»። ብቻውን የቆመ አንድ ምልክት «ኤ» ወይም «አይ» ነው። ደጋግሞ የሚመጣ ባለ ሦስት ሆሄ ቃል «ዘ» የመሆን ዕድሉ ትልቅ ነው። ከእነዚህ አምስት ስድስት ሆሄ ከተገኘ ሌላው ይከተላል።

«ቱኒክ»ን ገና ያልጀመረ ሰው የሚቀጥለውን አንቀጽ ይዝለል።

እዚያ ያለው ጽሑፍ የሚወክለው ድምፅን ነው፤ አንዱ ምልክት ተነባቢውንም አናባቢውንም አንድ ላይ ይዟል። ውጭኛው መስመሮች አናባቢውን፣ ውስጠኞቹ ተነባቢውን ያሳያሉ፤ ከሥሩ ትንሽ ክብ ካለች ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ለ፣ ሉ፣ ሊ ብሎ ላደገ ሰው ይህ የታወቀ ነገር ነው። የፊደል ገበታ ሥሩ፦ ተነባቢዎቹን ወደ ታች፣ አናባቢዎቹን ወደ ጎን፤ ዓምዶቹ ግን ከሰባት ይበልጣሉ። ስታነቡም የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ እርሱትና እንደሚሰማ አንብቡ።

ሲጣበቅ

ግማሽ ሰዓት አዲስ መስመር ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ዝጉት። ነገ ስትከፍቱት የሚታያችሁ ያኔ ያላያችሁት ማዕዘን ነው። ፍንጭ ከፈለጋችሁ በደረጃ ውሰዱ። «የሎው» ላይ ጥቂት ከቆያችሁ በኋላ ከላይ በቀኝ የአምፖል ምልክት ይመጣል፤ ለአንድ ሌቨል ከአንድ በላይ ፍንጭ አለው፣ የመጀመሪያው ብቻ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ፍንጭ ማስታወቂያ አስከትሎ የሚመጣበት ነፃ ጌም ላይ ዳታ ከተዘጋ ፍንጩም አይከፈትም። የሙሉ መልስ ቪዲዮ የመጨረሻው ነው፤ እሱንም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሰከንድ ብቻ አይታችሁ አቁሙት።

በቡድን ስትጫወቱ አንዱ ስልኩን ይያዝ፣ አንዱ ይጻፍ፣ ሌላው ይናገር። ስልክ ያዡ የተባለውን ብቻ ያድርግ፤ ሁሉም እጁን ከሰደደ ምን እንደሠራው አይታወቅም። ሌቨሉን ቀድሞ የፈታ ሰው ካለ ደግሞ የድሮው የእንቆቅልሽ ሕግ ከማንኛውም የፍንጭ ሥርዓት ይሻላል፦ «አላውቅም» ያለ አገር ይሰጣል። ሻሸመኔን ሰጥቶ አንድ ፍንጭ፣ አዳማን ጨምሮ ሁለተኛ። ሀዋሳን እስኪሰጥ ድረስ ሙሉ መልስ የለም፤ በሰፈሩ ፊት ከተማውን ማስረከብ ስለሚያሳፍር ሰዉ አሥር ደቂቃ ጨምሮ ያስባል።

ጌሙ በእውነት ተበላሽቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ወደ ቀድሞ የተፈታ ሌቨል ተመለሱና ያንኑ መልስ ድገሙ። ከሠራ ጌሙ ደህና ነው። ካልሠራ ዝጉና ክፈቱት፤ አሁንም እምቢ ካለ ከየት እንደመጣ አስታውሱ። ከሰው ስልክ በዜንደር የተላለፈ ፋይል ብዙ ጊዜ ያረጀ ቅጂ ስለሆነ ከአዳዲስ ስልኮች ጋር ላይስማማ ይችላል፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ከፕሌይ ስቶር አውርዱት። አሮጌውን ከማጥፋታችሁ በፊት ግን የደረሳችሁበትን ሌቨልና መልሶቹን ወረቀት ላይ አስፍሩ፤ ብዙዎቹ እነዚህ ጌሞች ያለፋችሁትን የሚያስቀምጡት እዚያው ስልክ ላይ ስለሆነ ሲጠፉ አብሮ ይጠፋል።